ወንድሜን ላከሙልኝ ሐኪም

ለተከበሩ የመርሳት ሕሙማን ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እርስዎ የእኔን ጠይቀው ስለማያውቁ፣ ከሁለታችን በአንዳችን በኩል እንኳ ወጉ አይቅር ብዬ ነው። እኔ የአባቴን ክንድ ይዤ ጥግ ላይ የምቀመጠው፣ ሽንት ሲያመልጠው ወለልዎን የምወለውለው፣ እርስዎ «አስታማሚዋ» የሚሉኝ ሴት ነኝ። ያለብኝን የምስጋና ዕዳ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አባታችንን ይዞልዎ መጥቶ፣ አባታችን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ቢጠይቀው እንባ ስለተናነቀው፣ ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ የድባቴ መድኃኒት አዝዘው፣ የሕመም ፈቃድ ጽፈው ስለሸኙት ከልብ አመሰግናለሁ። እኔን አባቴ ጠዋት ጠዋት ሌባ እያለ ነው የሚቀበለኝ፤ ለዚህ የሚታዘዝ ነገር እንደሌለ ተረድቻለሁ።

፪. እንቅልፍ እንደራቀኝ፣ እህል እንዳስጠላኝ፣ ዕቃ ሳጥብ ሆድ እየባሰኝ እንደማለቅስ ስነግርዎ፣ ሴት ልጅ በተፈጥሮዋ ጠንካራ መሆኗን አስረድተው በፈገግታ በሩን ስላሳዩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚያ ወዲህ ሞቴን በተመኘሁ ቁጥር፣ ይኼ ጥንካሬዬ ነው እያልኩ እጽናናለሁ።

፫. በቤተሰቦች ስብሰባ ላይ ወንድሜን የአባታችን ዋና ተንከባካቢ ብለው ሲያስጨበጭቡለት እኔ አለማጨብጨቤን ይቅር ይበሉኝ። ኮሪደር ላይ አባቴ አውልቆ የጣለውን ጫማ እየፈለግኩ ነበር።

የባለሙያ ቃል የማከብር ሰው ስለሆንኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ገላውን አጥቤ፣ የሚወደውን ሹራብ አልብሼ ከዋናው ተንከባካቢ ቤት አደርሰዋለሁ። አባቴን እወደዋለሁ፤ ወንድሜም እንደሚወደው እርስዎ ፊት አልቅሶ አስመስክሯል። እንደ ልማዱ ሸክሙን ወደ ሚስቱ ያዞረዋል ብለው ደግሞ እንዳይሰጉ፦ እኔ አባቴን ሳስገባ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። አውቶቡስ የምንሳፈረው እኔና እሷ አብረን ነው፤ የምንመለስበትን ቀን ገና አልቆረጥንም።

ክፍልዎ ወንድ አልቃሽ አይጣ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

በተፈጥሮዋ ጠንካራ የሆነችው አክባሪዎ፣
አስታማሚዋ (የቀድሞዋ)

ማስታወሻ፦ ያዘዙለት መድኃኒት እሽጉ እንኳ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ እንደተቀመጠ ሚስቱ ነግራኛለች። እባክዎ እንዳይጥለው ይንገሩልኝ፤ ድባቴው ቅዳሜ ይደርስለታል።