በሁለት ውሃ መካከል

ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ባለቤቴ ያለችው ላስካ ከተማ ነው፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ለመድረስ ብዬ ከጂንካ ብቻዬን በእግሬ ተነሳሁ። ተራራውን ወርጄ ወንዙ ጋ ስደርስ ሞልቶ ጠበቀኝ። ልመለስ ብል ጠዋት የተሻገርኩት ጅረትም ዛፍ እየነቀለ ይወርዳል። መሃል ላይ ቀረሁ።

ያስጠጉኝ የአሪ ገበሬ ጋሽ ማርቆስ፣ «መምህር፣ ወንዝ በልመና አይጎድልም፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ቆጮ አቀረቡልኝ፤ ሳልነካው ወንዙን ለማየት ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ከማዶ የላስካው ጎረቤታችን ብቅ አለ።

«ወለደች ወይ?» ብዬ ጮህኩ።

መለሰልኝ፤ ድምፁን ግን ውሃው ዋጠው። ደግሜ ጮህኩ። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ከዚያ ተንበረከከ።

«ይጸልያል» አሉ ጋሽ ማርቆስ።

«ለምስጋና ነው?»

ማዶውን ትክ ብለው አዩና፣ «እሱን ወንዙ ሲጎድል ትሰማለህ» አሉኝ።