ስለ ስፖንጁ የቀረበ ይቅርታ

ለተከበሩ የቁምስናችን ምክር ቤት ሊቀመንበርና የገበያው ዳር መድኃኒት ቤት ባለቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው ጤናዎ፣ በተለይም ለቀኝ ጉልበትዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እብጠቱ እንደ ጎደለና ትናንት ያለ ከዘራ ከመኪናዎ ሲወርዱ እንደታዩ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ የቤተ ክርስቲያናችንን አግዳሚ ወንበሮች የሠራሁት፣ ሲሰበሩም የምጠግነው አናጺ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሕዝብ በሚገባበት በር ላይ የለጠፍኩት በድፍረት እንዳይመስልዎ። ባለፈው ቅዳሜ ንስሐ ገብቼ ነበር። ቆሞሳችን አባ ከሰሙኝ በኋላ፣ ጥፋትህ በአደባባይ ስለሆነ ይቅርታህም በአደባባይ ይሁን፣ የሆነውንም ሳትደብቅ ጻፍ አሉኝ። የንስሐ ምሥጢር የሚያስረው እሳቸውን እንጂ እኔን ስላልሆነ ይህን መናገሬ ነውር የለበትም። «ሳትደብቅ» የምትለዋን ቃል በተለይ ወድጃታለሁ። እንግዲህ ይቅርታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መታዘዜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው «ለመንፈሳዊ ዕድገት አሥራ ሁለት ቁርጥ ፈቃዶች» የሚለውን ወረቀት አባዝተው ለየቤተሰቡ አድለውናል፤ የፈጸመና ያልፈጸመ በነጥብ የሚለይበትን የስም ሰሌዳም በሩ ላይ ሰቅለዋል። በየቀኑ መቁጠሪያ መድገም፣ በየሳምንቱ ንስሐ መግባት፣ አንድ ሰዓት የቅዱስ ቁርባን ስግደት፣ ከመኝታ በፊት የኅሊና ምርመራ፣ ዓርብ ዓርብ የጌታን ሕማም በአሥራ አራት ምዕራፍ የምንከተልበት ፍኖተ መስቀል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ባለቤቴ ግማሹን ወረቀቱ ሳይታተም ሠላሳ ዓመት ስትፈጽመው ኖራለች፤ ሰሌዳ ላይ ስላልጻፈችው ግን የሚያውቅላት የለም። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ቆማ አንሶላ ትተኩሳለች፤ መቁጠሪያዋን የምትደግመው በአውቶቡስ፣ ጣቶቿን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ነው። በየጾሙ አንድ ቁርጥ ፈቃድ ብቻ ትይዛለች፤ ምን እንደሆነም ለማንም አትናገርም፣ እኔም የምሰማው ለፋሲካ ነው። አንድ ዓመት የእህቴን ስም በክፉ ላለማንሳት ወስና ነበር፤ እህቴን የሚያውቅ ሰው የዚያ ዓመት ጾም ምን ያህል እንደረዘመባት ይገምታል።

ወረቀትዎ ላይ በአምስተኛ ተራ ቁጥር የሰፈረው ግን እኔን የሚመለከት ነበር። ስፖንጅ ጸሎትን ስለሚያለሰልስ «ከመንበርከኪያዎች ሁሉ፣ ያለ ምንም ልዩነት» እንዲነሳ ተወስኗል ይላል፤ ትእዛዙም በማኅተም ደረሰኝ። ጉጠቴን ይዤ መጣሁ፤ ስልሳ ሁለት መንበርከኪያዎችን በሦስት ቀን አራቆትኩ። በመሠዊያው አጠገብ ያለውን፣ ለእርስዎ ብቻ የሠራሁትንና በቀይ ከፋይ የለበሰውን ስጠይቅዎት፣ እሱን ተወው፣ የሱ ጉዳይ ሌላ ነው አሉኝ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። አናጺ ብዙ ሲጠይቅ አያምርበትም።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴ ጉልበት ስላላት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉልበቷን እንደሚያማት እርስዎ ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር። ቅባቱንም የሚታሰረውን ላስቲክም የምትገዛው ከእርስዎ መደርደሪያ ነው፤ ብዙ አትቁሚ፣ መንበርከኩንማ ጨርሶ ተይው ብለው የመከሯትም እርስዎ ነዎት። ያን ቀን እያመሰገነችዎ ነው ቤት የገባችው። በጾሙ ሦስተኛ ዓርብ ፍኖተ መስቀል ስንከተል ግን፣ ከሰው ላለመለየት ብላ፣ እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ድረስ እየተንበረከከች እየተነሳች ቆየች። ሰባተኛው ላይ፣ ጌታ ለሁለተኛ ጊዜ በወደቀበት፣ አቅቷት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እርስዎ ንባቡን አቋረጡ። ማይክሮፎኑን እንደያዙ ጠበቁ፤ ሕዝቡም ዞሮ አያት። ከዚያ በዚያ በለዘበ ድምፅዎ፣

«እህታችን፣ ጌታችን ሲወድቅ ወንበር ያመጣለት አልነበረም» አሉ።

እኔ ከእሷ ሁለት ረድፍ ኋላ ነበርኩ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ይህ የራሴ ኃጢአት ስለሆነ ለአባ ለብቻው ተናግሬዋለሁ። ባለቤቴ ባዶው ሳንቃ ላይ ተንበረከከችና እስከ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ድረስ አልተነሳችም። ሳንቃውን ያራቆትኩት እኔ ነኝ፤ ጥጉ ላይ ጉጠቴ የቧጨረው ስላለ ከስልሳ ሁለቱ መሃል ለይቼ አውቀዋለሁ። ጸሎቱ ሲያልቅ እግሯ እምቢ አላት። ሁለት የመዘምራን ሴቶች በብብቷ ገብተው አነሷት፤ እስከ በሩም ደግፈው ወሰዷት። ቤት ስንደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና «መቀመጥ ኃጢአት ከሆነ ቤቴ ተቀምጬ እሠራዋለሁ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልረገጠችም። በበሩ ሰሌዳ ላይም በስሟ ትይዩ ጥቁር ነጥብ አኑረውላታል፤ ነጥቧ ጥርት ብላ ክብ ናት፣ ለእጅዎ ጥራት አድናቆቴ ይድረስዎ።

ሰኞ ዕለት መድኃኒት ቤትዎ መጥቼ፣ አንድ ቃል ብቻ ይበሏት ብዬ ለምኜዎት ነበር። እርስዎም ተግሣጽ የሚሠራው ሲያም እንደሆነ ካስረዱኝ በኋላ አዲስ ዓይነት ቅባት እንደገባልዎ ነገሩኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ትጋቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ያን ቀን ወደ ሱቄ ተመልሼ የትእዛዝ ደብዳቤዎን እንደገና አነበብኩት። «ያለ ምንም ልዩነት» ይላል። አንድ መንበርከኪያ ዘልዬ ሥራዬን ሳልጨርስ እንደቀረሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ስለዚህ በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሴቶቹ የመሠዊያውን ዙሪያ ሲወለውሉ፣ በሁሉም ፊት ቁጭ ብዬ ከቀዩ ከፋይ ላይ ባለ ቢጫ ራስ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ አራት ጣት ውፍረት ያለውን ስፖንጅ አወጣሁ፤ ከፋዩ እንዳይጎደጉድ ስስ ጥጥ አልብሼ መልሼ መታሁት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ከሥሩ መሃል ለመሃል የሚያልፍ፣ ከሳንቃው አንድ ጣት ከፍ የሚል ድጋፍ እንጨት አለ፤ እሱን የገጠምኩት ከስምንት ዓመት በፊት ስለሆነ የዛሬ በቀል ነው ሊባል አይችልም። ለአባ ግን በቀል ነው ብዬ ተናዝዣለሁ፤ እየሠራሁም ደስ ይለኝ ነበር።

ማግሥቱ እሁድ ብፁዕ ጳጳሳችን ምሥጢረ ሜሮን ለመስጠት መጡ። እርስዎ ሲንበረከኩ እንደ ሌላው ሰው ቀስ ብለው እንደማይወርዱ፣ በሙሉ ክብደትዎ በአንድ ጊዜ እንደሚወድቁ ቁምስናው ሁሉ ያውቃል፤ እንግዳ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ከቁርባን በኋላ ባለው ዝምታ ወደቁ። ከአፍዎ የወጣው ቃል የእናት ስም ያለበት ቢሆንም እመቤታችንን የሚመለከት አልነበረም፤ ማይክሮፎኑ ደረትዎ ላይ ስለነበረም ደጅ የቆሙት ሳይቀሩ ሰሙት። ብፁዕነታቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። እነዚያው ሁለት የመዘምራን ሴቶች ሮጠው ወንበር አመጡልዎት፤ እርስዎም ወንበሩን አልመለሱትም። እስከ ቡራኬው ድረስ ተቀምጠው ጸለዩ። በዚህ ማንም አልተቆጣዎትም፤ ንባብ አቁሞ የጠበቀዎትም የለም።

አራተኛ፤ ስለ ሳቄ። ድምፅ አልነበረውም፤ ግን ሳቅ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ማክሰኞ ምክር ቤትዎ ተሰብስቦ አምስተኛውን ቁርጥ ፈቃድ «በጤና ምክንያት» በሙሉ ድምፅ እንደሻረ ሰምቻለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ስንት አሮጊት በዚያ ሳንቃ ላይ ጉልበቷን ስታሻሽ ያልታየው ጤና፣ በአንድ የመድኃኒት ባለሙያ ጉልበት በሁለት ቀን ውስጥ በመታየቱ ምክር ቤቱን ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለባለቤቴ ስነግራት ትስቅልኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «በኔ ጉልበት አሳበህ የሰው ጉልበት መስበር ማን ፈቀደልህ?» ብላ ፊቷን አዞረች፤ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም። ንስሐ እንድገባ ያደረገችኝም እሷ ናት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታ የተቀመጠውን ላስቲክ የላከችልዎት ራሷ ስትሆን፣ ከሥራ ስትመለስ አጥባ ተኩሳዋለች፤ ከጉልበት በላይ ሁለት ጊዜ፣ ከጉልበት በታች አንድ ጊዜ እንዲጠመጠም፣ ሲተኙም እንዲፈታ ብላለች። ይህን የምትለው ከልቧ ነው። እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም፤ አባም ያውቁታል፤ በየቅዳሜው እየመጣህ እንሞክራለን ብለውኛል።

ስፖንጅዎን ስላወጣሁብዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ስልሳ ሁለቱ ደግሞ ሌላ ሰው ይቅርታ እስኪጠይቅ በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ለመንፈሳዊ ዕድገታችን ያለመታከት የሚጨነቁልንን ታላቅነትዎን በማድነቅ፣ ጉልበትዎ ፈጽሞ እንዲድን በመመኘትና ትእዛዝዎን እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ በመፈጸም የምታወቀው፣

ትሑት አገልጋይዎ አናጺው

ማስታወሻ፤ ምክር ቤቱ ስፖንጁን ወደ ቦታው ለመመለስ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ሁለት ጊዜ እንዳስፈተሸና እንዳላገኘው ተነግሮኛል። አይድከሙ። ባለቤቴ ካለፈው ወር ጀምሮ ከአሮጌ ቀን መቁጠሪያ የቆረጠቻቸውን አሥራ አራት ሥዕሎች ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል ተቀምጣ ትከተላለች። መጀመሪያ ሁለቱ የመዘምራን ሴቶች ሊጠይቋት መጥተው አብረዋት ቀሩ፤ ከዚያ ጎረቤት መጣ፤ ባለፈው ዓርብ ሃያ ስድስት ሆነው እስከ ኮሪደሩ ሞሉት። ሁሉም የተቀመጡት በስፖንጁ ላይ ነው፤ የእርስዎ ባለ አራት ጣቱ ለባለቤቴ ደርሷታል። ይመለስልን የሚሉ ከሆነ ዓርብ በአሥር ሰዓት መጥተው ይጠይቋት፤ በሩ ክፍት ነው፣ እሷም ሰው አትመልስም። ወንበር ግን አልቋል።