ዳኛ ለጨመሩልን ክቡር ኃላፊ፣ ከወንዙ ዳር

ለተከበሩ የማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች ማደራጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ቤተሰብዎም በደህና ውሎ በደህና እንዲያድር ከልብ እመኛለሁ። እኛ የሸዋ ሮቢት ዙሪያ ገበሬዎች ሙቀቱን ለምደነዋል፣ ጎርፉንም ለምደነዋል፤ እርስዎ ያደሉንን ፍትሕ ግን ገና እየለመድነው ስለሆነ፣ ምስጋናዬ ዘግይቶ ቢደርስዎ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ለቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ አንሶታል ብለው ስለ ጨመሩልን አመሰግናለሁ። ቀድሞ የምንጉላላው በአንድ ችሎት ብቻ ነበር። አሁን ቀበሌውን በሁለት የዳኛ መምረጫ ቀጠና ከፍለው በየቀጠናው ችሎት ስላቆሙልን፣ በሁለት ቦታ ለመጉላላት በቅተናል።

ሁለተኛ፣ ስለ መስመሩ አመሰግናለሁ። ሁለቱን ቀጠናዎች የሮቢ ወንዝ እንዲለያቸው የወሰኑት እዚህ ድረስ ወርደው እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ወርደው ቢሆን ኖሮ ይህ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር መሄጃውን እንደሚቀይር ያገኙት ሰው ሁሉ በነገረዎ ነበር። አምና ከደብረ ሲና በኩል የወረደው ጎርፍ በጎረቤቴ በወይዘሮ ራቢዓ ቤትና በማሾ ማሳዋ መካከል ሰንጥቆ አለፈ። መሬቱ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም፤ የሄደው ወንዙ ነው። በእርስዎ መስመር ግን ራቢዓ የወዲህኛው ቀጠና ነዋሪ ሆነች፣ ልጆቿን የምታበላበት ማሳ ደግሞ የወዲያኛው ቀጠና ሆነ።

ጎርፉ ድንበሩን ያሳይ የነበረውን የቅንጭብ አጥር ጠራርጎ ስለ ወሰደው፣ የሟች ባሏ ወንድም አቶ ሰዲቅ ውሃው ጎደል እንዳለ በሬዎቻቸውን ነድተው ገቡና ማሳዋን ከራሳቸው ጋር አርሰው ቀላቀሉት። አቶ ሰዲቅ የሚኖሩት ማዶ ነው። ራቢዓ ለኛው ችሎት ብታመለክት፣ ማሳው ማዶ ስለሆነ አይመለከተንም አሏት። የማዶው ቀጠና ዳኛ ሲመርጥ እጇን ልታወጣ ብትሄድ፣ ነዋሪ አይደለሽም ተብላ ተመለሰች። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ማሳዋ ሲሻገር ቤቷን ተሸክማ መከተል ነበረባት። እርስዎ ያካለሉት የማዶ ቀጠና ከሞላ ጎደል የአቶ ሰዲቅ ዘመድ አዝማድ የሰፈረበት በመሆኑም፣ አቶ ሰዲቅ አንድ ተቃዋሚ ሳይኖርባቸው ዳኛ ሆነው ተመረጡ።

እዚህ ላይ የሰውዬውን ሥርዓት ማወቅ ሳልመሰክር አላልፍም። ራቢዓ ለማዶው ችሎት ስትከሳቸው፣ ተከሳሽ ሆነው አይፈርዱም ቢባሉ፣ ምንም ሳያንገራግሩ ከዳኛው ወንበር ተነሥተው በተከሳሹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፍርዱንም ለቀሩት ዳኞች፣ ለአማቻቸውና ለእህታቸው ልጅ ተዉላቸው። ራቢዓ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ብትሄድ ደግሞ፣ ከታች ሳትጨርሺ አንቀበልሽም አሏት።

ሦስተኛውን በቁጥር ላስቀምጠው አልቻልኩም፤ አባቴ ነው። ያንን ቅንጭብ ከራቢዓ ባል ጋር ሆኖ የተከለው አባቴ ወልደማርያም ነበር፤ ድንበሩ ሲተከል የነበረ ሌላ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። የራቢዓ ምስክር ሆኖ ማዶ ቢቀርብ፣ አንድ ጊዜ ዳኞቹ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ጊዜ ሠርግ አለባቸው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ምስክሩ የሌላ ቀጠና ሰው ስለሆነ ይታሰብበት እየተባለ ተቀጠረ። ባጃጅ የሚያደርሰው ወንዙ ዳር ድረስ ብቻ ነውና፣ በዚያ ዕድሜው አንድ እጁን በእኔ፣ አንዱን በራቢዓ ልጅ በረድዋን ትከሻ ላይ ጥሎ በውሃ ውስጥ ይሻገር ነበር። ከመጨረሻው ቀጠሮ ሳይሰሙት ሲመልሱት ታመመ። በትኩሳቱ መካከል ቀጠሮዬ አለፈ ወይ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር፤ አላለፈም አባባ እለው ነበር። ሳይመሰክር ሞተ። ዳኞቹም ምስክር አልቀረበም ብለው መዝገቡን ዘጉት።

ክቡር ሆይ፣ ይህን በትሕትና የምጽፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ተቃጥያለሁ። ራቢዓ ለቅሶ ልትደርሰን መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ፣ እህቴ በላይዬ፣ አፉ በይኝ፣ ለኔ ሲል ነው የሞተው ብላ አለቀሰች። ይቅር በይኝ ማለቷ ነው። አንዳች ያላጠፋች ሴት ይህን ቃል ስትል፣ ከጽሕፈት ቤትዎ ግን እስከ ዛሬ ማንም ሲለው አልሰማሁም።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። መስመርዎን ከወንዙ ላይ ያንሡልን። የራቢዓንም ክስ የአቶ ሰዲቅ ዘመድ ያልሆነ አንድ ዳኛ ይየው፤ ከጨመሩልን መካከል ካልተገኘ፣ ሌላ ይጨምሩልን።

በዳኛ ብዛት የከበረች፣ ለውለታዎ የምትመልሰው ያጣች፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምትነሣ፣
በላይነሽ ወልደማርያም
ለጊዜው ከወንዙ ወዲህ

ሳልጽፍ ላልፈው የነበረ፦ መዝገቡ ከተዘጋ ወዲህ ረድዋን ስለ ቀጠሮ መጠየቅ ትቷል። አጎቱን አቶ ሰዲቅን መንገድ ላይ ሲያገኝም ሰላምታ አይሰጥም። ሰሞኑን የአባቱን ጠመንጃ ከተሰቀለበት አውርዶ ሲወለውል እናቱም አይታዋለች፣ እኔም አይቼዋለሁ፤ ሁለታችንም ብንለምነው መወልወሉን ቀጠለ እንጂ እሺ አላለንም። ይህን አደባባይ በማውጣቴ እንደሚቀየመኝ አውቃለሁ፤ ተቀይሞኝ ይኑርልኝ። እዚህ ለማሳ ዳኛ አይገኝም። ለሬሳ ግን ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም በዕለቱ ወንዙን ተሻግረው ይደርሳሉ፤ ያን ዕለት ሟቹ የየትኛው ቀጠና ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እባክዎ፣ እርስዎ ከነሱ ቀድመው ይምጡ።