የድሬዳዋን አጫሾች የቆጠሩት የአቶ ኃይለመለኮት ገብረወልድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኃይለመለኮት ገብረወልድ በምድር ባቡር ወርክሾፕ በብየዳ ሠራተኛነት ካገለገሉት ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድ አስፋውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍቅርአዲስ ተሰማ ሐምሌ 12 ቀን 1963 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። ከእርሳቸው በኋላ የተወለደው አንድ ወንድማቸው ኃይለየሱስ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውም፣ አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበውም እርሱ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በስማቸው ይጻፋል ብሎ ከሁለት ወር በፊት ያሰበ ሰው በቤታችን አልነበረም። ዛሬም ቢሆን በቅጡ የገባው የለም።

አቶ ኃይለመለኮት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ ሐረር ከሚገኝ የጤና ማሠልጠኛ በአካባቢ ጤና በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1984 ዓ.ም. በድሬዳዋ ገጠር፣ ዋሂል ተመድበው የውኃ ጉድጓድ ሲያስጠርጉና መጸዳጃ ቤት ሲያስቆፍሩ ስድስት ዓመት ከሠሩ በኋላ ወደ ከተማው ጤና ቢሮ ተዛወሩ። ዋሂል ሳሉ የገበሬዎቹን ኦሮምኛ ከገበሬዎቹ በላይ ያፈጥኑት ነበር ይባላል። በዚያው ዘመን፣ በ1985 ዓ.ም.፣ አባታቸው አቶ ገብረወልድ ለወራት ሲያስሉ ቆይተው አረፉ። አባታችን ሲጋራ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። አቶ ኃይለመለኮት ግን አንድም ቀን አላጨሱም፤ ጓደኞቻቸው ለቀልድ እንኳ አንዱን ከአፋቸው ሊያስነኳቸው አልቻሉም።

በ1991 ዓ.ም. ከመምህርት የኔነሽ ኃይሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ ዛሬ የፋርማሲ ተማሪ የሆነችውን ልጃቸውን ዲናን ወለዱ። ወንድማቸው ኃይለየሱስም ከእነርሱ ጋር በአንድ ግቢ ኖረ። የኃይለየሱስ ክፍል መስኮት በወንድሙ መኝታ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ነው። ኃይለየሱስ ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያጨስ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የትምባሆ ቁጥጥሩ ዐዋጅ ወጥቶ በፓኬቱ ላይ የታመመ ሰውነት ሥዕል እንዲታተም ሲታዘዝ፣ በዓመቱም የኤክሳይስ ታክሱ ሲጨመር፣ አቶ ኃይለመለኮት አንድ ጥያቄ ያዛቸው። ይህ ሁሉ በእርግጥ ሰው ያስቆማል ወይ? ማንም ሳያዛቸው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በእግራቸው እየዞሩ፣ ከቀፊራ እስከ ገንደ ቆሬ በአሥራ አራት ኪዮስኮች ዙሪያ የሚያጨሱ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎችን በፈቃዳቸው መዘገቡ። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ሰጡ። በየዓመቱ እየተመለሱ ያንኑ ይጠይቁ ነበር፤ አሁንም ታጨሳለህ? በቀን ስንት? ከየት ትገዛለህ? አንዳንዱ ገና ከሩቅ ሲያያቸው "አቦ፣ መጣ ደግሞ!" እያለ ይሸሻቸው ነበር። እርሳቸውም ስቀው በማግሥቱ ይመለሳሉ።

በቀፊራ መግቢያ ኪዮስክ የነበራቸው ወይዘሮ ሃዎ፣ ሥዕሉ ያለበት ፓኬት በመጣ ሰሞን ያሏቸውን አቶ ኃይለመለኮት ሁልጊዜ ያነሡት ነበር።

"አንተ ኃይሌ፣ ይኼን ሥዕል ማን የሚያየው መሰለህ? ሰዉ አንድ አንድ ፍሬ ነው የሚወስደው። ፓኬቱ እኔ ጋ ነው የሚቀረው። ቀኑን ሙሉ የበሰበሰ ሳንባ ሳይ የምውለው እኔ ነኝ፣ ወላሂ!"

ወይዘሮ ሃዎ በወሩ ሲጋራ መሸጥ ትተው ሳሙናና ሻይ ቅጠል ብቻ ይሸጡ ጀመር። እርሳቸው ራሳቸው አጭሰው አያውቁም። አቶ ኃይለመለኮት በዚያ ዓመት መዝገባቸው ዳር ላይ "ሥዕሉ ሻጯን አስቁሟል" ብለው ጻፉ።

በአራተኛው ዓመት ዘጠና ሰባት ሰዎች አቁመናል አሏቸው። አብዛኞቹ ወጣቶችና ሙሉ ፓኬት ይገዙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዋጋው ከብዷቸዋል፤ ሥዕሉም በየቀኑ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። በፍሬ የሚገዙት ላይ ለውጡ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ታክስ ሳይከፈልበትና ሥዕል ሳይኖረው በድብቅ የሚገባውን የሚያጨሱት ጭራሽ አልቀነሱም። ውጤቱን በአንድ ስብሰባ ላይ ሲያቀርቡ አንድ ተሳታፊ፣ "የኮንትሮባንዱን ገጽ ብናወጣውስ? ሕጉ አልሠራም ያሰኛል" አሏቸው። አቶ ኃይለመለኮትም "ሕጉ ሠርቷል። የሠራውን ያህል ነው የምጽፈው" ብለው ገጹን በቦታው ተዉት።

ከዘጠና ሰባቱ አንዱ፣ ቁጥር መቶ አርባ ስምንት፣ ወንድማቸው ኃይለየሱስ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን "አቆምኩ" ብሎ ሲነግራቸው አቶ ኃይለመለኮት አለቀሱ። ወይዘሮ የኔነሽ ጎረቤት ጠርተው ግብዣ አደረጉ። ይህን የሚያነበው ሰው ያን ዕለት የተጋበዘለትን በላ፤ የተመረቀለትንም ምርቃት አሜን ብሎ ተቀበለ።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. አቶ ኃይለመለኮት ለሥራ ዋሂል ደርሰው ሲመለሱ ከመኪናው መውረድ አቃታቸው። ትንፋሽ አጠራቸው። የሙቀቱ ነው አልን፤ እርሳቸውም የሙቀቱ ነው አሉ። ለምርመራ አዲስ አበባ ተላኩ። ነሐሴ 28 ቀን ሐኪሙ የሳንባ ካንሰር መሆኑን፣ ወደ ጉበትም መዛመቱን ነገሩን። ወይዘሮ የኔነሽ "ፎቶው የሌላ ሰው ነው፣ ተቀያይሯል፣ ስሙን እዩልኝ" አሉ። ስሙ ታየ። የእርሳቸው ነበር። ዲና ሐኪሙን "አጭሰው አያውቁም እኮ!" ስትላቸው፣ ሐኪሙ የማያጨስም ሰው እንደሚታመም፣ ከሌላ ሰው የሚመጣ ጭስ ለዓመታት መተንፈስም አንዱ መንስኤ ሊሆን እንደሚችል፣ በእርሳቸው ላይ ግን ይህ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል አስረዱ። ኃይለየሱስም እዚያው ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም።

አቶ ኃይለመለኮት ቤቴ ልሁን ብለው ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ። መስከረም 15 ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ሳሉ ኃይለየሱስ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ያልነገርኩህ ነገር አለ።"

"ምን?"

"አላቆምኩም። አንድም ቀን አላቆምኩም። የታክሱ ጊዜ ሲወደድብኝ ወደ ኮንትሮባንዱ ዞርኩ። ሌሊት ስትተኙ መስኮቱ ላይ ሆኜ ነው የማጨሰው።"

ኃይለየሱስ እንዲቆጡት፣ እንዲረግሙት፣ ቢያንስ ፊታቸውን እንዲያዞሩበት ጠበቀ። አቶ ኃይለመለኮት ግን ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣

"ታዲያ ሌሎቹስ?" አሉት።

"የትኞቹ?"

"አቆምን ያሉኝ። እኔ እኮ ያሉኝን ነው የጻፍኩት። አንተ ከዋሸኸኝ ሌላው ለምን አይዋሸኝም? ሂንዳን ጥራልኝ።"

ወይዘሪት ሂንዳ ዐብዲከሪም በመሥሪያ ቤታቸው አብረዋቸው የሠሩ ባለሙያ ናቸው። በዚያው ቀን መጥተው መዝገቡን ተረከቡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በባጃጅና በእግር እየዞሩ፣ ሰዎቹን ብቻ ሳይሆን ቤተሰባቸውንም፣ የሚገዙበትንም ሱቅ እየጠየቁ አጣሩ። ከዘጠና ሰባቱ ሦስቱ አልተገኙም። ሠላሳ አንዱ ሥዕል የሌለውን፣ ታክስ ያልተከፈለበትን እያጨሱ ተገኙ። ወይዘሪት ሂንዳ ይህን ይዘው ሲመጡ ለመናገር ከብዷቸው በር ላይ ቆሙ። የስድስት ዓመት ልፋት ነዋ! አቶ ኃይለመለኮት ግን ትራስ ደግፈናቸው ወረቀቱን ራሳቸው አነበቡት፤ ሁለት ጊዜም ደመሩት።

"ስድሳ ሦስት ሰው" አሉ። "ስድሳ ሦስት ሰው በእርግጥ አቁሟል ማለት ነው። ይኼ ትንሽ ነው እንዴ? ሠላሳ አንዱን ደግሞ ጻፊ። ዋጋው ገፍቷቸው የት እንደገቡ ካልተጻፈ በሩን የሚዘጋ ሰው አይገኝም።"

የታረመው ሠንጠረዥ ጥቅምት 17 ቀን ተላከ። ፊርማቸው በቅጡ የማይነበብ በመሆኑ ወይዘሪት ሂንዳ ሥሩ ላይ ስማቸውን በጉልህ ጨመሩበት።

አቶ ኃይለመለኮት በሽታቸው በታወቀ በሃምሳ ስድስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሠላሳ ዓመት ሲጋራ ያጨሰው ወንድማቸው በሕይወት ቆሞ የእርሳቸውን ታሪክ ያነባል። ይህ ነገር እንዴት እንደሆነ የሚያስረዳን ብናገኝ እንጠይቅ ነበር።

ኃይለየሱስ ከመስከረም 15 ወዲህ አላጨሰም። ቃሉ ግን አንድ ጊዜ ውሸት ሆኖ ስለተገኘ፣ ማንም በቃሉ ብቻ እንዳያምነው በዚህ ጉባኤ ፊት ይጠይቃል። ወይዘሪት ሂንዳ በየወሩ ሊያጣሩት ተስማምተዋል።

አቶ ኃይለመለኮት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የኔነሽ፣ ከልጃቸው ከዲናና ከወንድማቸው ከኃይለየሱስ በተጨማሪ፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት እናታቸውን ወይዘሮ ፍቅርአዲስን ትተው አልፈዋል። ከትናንት ጀምሮ ያልተለያችሁን የዋሂልና የቀፊራ ወዳጆቻቸው፣ ድንኳኑን የተከላችሁልን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ በሕመማቸው ወቅት የደገፋችሁን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

ለሌላው ሰው ሳንባ ሲጨነቁ የኖሩትን የወንድማችንን ነፍስ፣ ትንፋሽ በማያጥርበት ሥፍራ እግዚአብሔር ያሳርፍልን። ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጃቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።