የዘንዶው ሁለተኛ ዓይን

ይድረስ ለልጄ ለራሄል ወንድሙ፣
ኖርዌይ አገር፣ ትሮንድሄም ከተማ

ልጄ ራሄል፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚጥልሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም አብሮሽ አለ? የምትጦሪያቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እንደምን አሉ? ከእነሱ መካከል ያረፈ ካለ ነፍስ ይማር። ፆሙንስ ትፆሚያለሽ ወይ? አትመልሺልኝ፤ ብቻ አባቴ ጠይቆኛል በዪ። እኔ ከቀኝ ዓይኔ በቀር፣ እናትሽም ከጉልበቷና ከእኔ ጋር ከምታደርገው ሙግት በቀር፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። ጓሮ ያለው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይዟል። የሚጭነው መኪና እንደ ልብ ስለማይገኝ ግን ግማሹ ከሥሩ ወድቆ ይበሰብሳል። ሳየው ያናድደኛል፤ ምንም ግን አላደርገውም።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ስለሚጠፋ ነው። ደግሞም የምነግርሽ ነገር እየተቆራረጠ የሚነገር አይደለም። ፊደሉ ጎልቶ፣ መስመሩም ወደ ላይ ተጣሞ ብታዪው አትሳቂ። ማስመሪያ ከወረቀቱ ላይ አስደግፌ፣ በእሱ ጠርዝ እየተመራሁ ነው የምጽፈው። እናትሽ ጎረቤታችን ፋንቱ ትጻፍልህ ብላኝ ነበር። ለልጄ የምለውን ሌላ ሰው አይጽፍልኝም ብዬ እምቢ አልኩ።

ይህን ነገር ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ያኔ፣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ከሥራ ወጥቶ ባዶ ቤት መግባት እንደከበደሽ ለእናትሽ በስልክ ስትነግሪያት ከጎኗ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ለእኔ አልነገርሽኝም፤ እኔም የሰማሁ አልመሰልኩም። ከዚያ አንድ ቀን ድምፅሽ ተለውጦ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሦስት ሰዎች ጋር ጠረጴዛ ከባችሁ፣ አንዱ ተረት እየመራ፣ ሌላችሁ ተራ በተራ ብዙ ፊት ያለው ዳይስ እየጣላችሁ፣ በተረቱ ውስጥ ከጭራቅ ጋር እንደምትዋጉ ነገርሽን። ቁማር ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ገንዘብ የለበትም አልሽ። እንግዲያ ማን ይረታል አልኩ። ማንም አይረታም አልሽ። ማንም የማይረታበት ጨዋታ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ብዬ ስልኩን ለእናትሽ ሰጠኋት። ድምፅሽ ግን ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ እሱን አልነገርኩሽም።

ቀጥለሽ፣ «አባባ፣ የተጨፈለቀ መኪና መልሰው የሚያቆሙ ሰው ጭራቅ አያቅትዎትም፤ ለጠረጴዛችን ይሥሩልን» አልሽኝ። የመጀመሪያውን አውራ ዶሮ አሳክዬ፣ ያን ያህል አግዝፌ ሠራሁት። እናትሽ ፎቶውን ስትልክልሽ ስትስቂ ቆይተሽ፣ ከአውራ ጣት እንዳይበልጥ አልሽ። እሺ። ሽቦ ጠምዝዤ አጥንት አደረግሁለት፤ በመኪና ስቱኮ ሥጋ አለበስኩት፤ ሳይደርቅ በመርፌ ቀረጽኩት፤ ከጋራዥ የተረፈኝን የመኪና ቀለም፣ ዱኮ፣ በፍየል ጭራ ፀጉር ቀባሁት። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራው የድሮ ደንበኛዬ ዘር የሚያይበትን አሮጌ አጉሊ መነጽር ሰጠኝ። ጅብ ራስ ያለው፣ የበሬ ሰኮና ያለው፣ ሆዱ ላይ አፍ ያለው፣ ያልሠራሁልሽ የለም። በዚህ ዕድሜ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ጋሽ ወንድሙ፣ የጭራቁ ሥራ እንዴት ነው?» ይለኛል። ከመኪናው ይሻላል፣ ጭራቅ ባለቤት የለውም፣ መጥቶ አይጨቀጭቀኝም እላለሁ።

የዓይኑን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ይሁንና ላስረዳሽ፣ ያን ጊዜ በስልክ ጮኼ እንጂ አላስረዳሁሽም። ወጣት ሳለሁ ግራና ከተማ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሳል ቆሜ ሰዓሊውን አየው ነበር። ጻድቁን ፊት ለፊት አዙሮ በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ደግሞ በጎኑ አዙሮ በአንድ ዓይኑ ይስላል። ማንም ያስተማረኝ የለም፤ አይቼ ያዝኩት። ስለዚህ ለጭራቆቼ ሁሉ አንድ አንድ ዓይን ሰጠኋቸው። በሌላው በኩል ቀንድ አጠፍኩባቸው፣ ወይ ፀጉር ደፋሁባቸው፣ ወይ ጠባሳ አወጣሁባቸው። ጓደኞችሽ፣ በእናንተ አገር ጭራቅ ሁሉ ጦርነት ላይ ቆይቶ ነው ወይ የሚመጣው ብለው እንደጠየቁሽ ነግረሽናል።

ፋንቱ ታዲያ ወንፊት ልትዋስ ገብታ መስኮቱ ላይ ቀለማቸው ሊደርቅ ተደርድረው ብታያቸው፣ ወንፊቱን ትታ ሄዳ ለቄስ ወልደገሪማ ነገረች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ባለ ጅብ ራሱን አንስተው ወደ ብርሃን አዙረው፣ «ሌላው ዓይኑ የታል?» አሉኝ። ሌላ የለውም፣ ክፉ ነው አልኳቸው። ሳቁ። «እንግዲያማ ራሱን ያውቃል። ባለ ሁለት ዓይን ጭራቅ የሠራህ ቀን ግን መጥቼ በዚህ መስቀል እሰብርልሃለሁ» አሉ። እኔም አልሠራም ብዬ ቃል ሰጠሁ። ፋንቱ በማግሥቱ ወንፊቱን ወሰደች።

ዘንዶውን የጠየቅሽኝ ባለፈው መስከረም ነው። ስትጫወቱት የቆያችሁት ተረት ወደ መጨረሻው እየደረሰ ነው፣ መጨረሻው ላይ ዘንዶ አለ፣ ክንፍ ይኑረው አልሽ። ያን ቀን አስቀድመሽ ስለ ዓይኔ መድከም ተሟግተሽኝ ነበር። መርሳን ይልቀቁ፣ አዲስ አበባ ይሂዱና ይታከሙ ስትዪ፣ ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም ብዬሽ ነበር። ከዚያ ወሬውን ወደ ዘንዶው አዞርሽ። ሁለት ዓይን ያስፈልገዋል አልሽ። እኔ ዘንዶ ዘንዶ ነው አልኩ። «አባባ፣ ይሄኛው ክፉ አይደለም። አርጅቶ ነው። ከዋሻው አልወጣም ስላለ ሰው ፈራው እንጂ ማንንም አልበላም። የምንሄደውም ልንገድለው አይደለም፤ እንዲወጣ ልንለምነው ነው» አልሽ። የሚለመን ዘንዶ አይቼ አላውቅም፣ ቃሌንም አላጥፍም አልኩ። ያለ ሁለት ዓይን አልፈልገውም አልሽ፤ ስልኩም ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን አንቺ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ያገኘንሽ ጊዜ ሁሉ የምትጠይቂው ስለ እናትሽ ጉልበት ነው። ስለ ዘንዶው አንድም ቀን አላነሣሽም። እኔም አላነሣሁም።

አልነገርኩሽም እንጂ ሥራውን አልተውኩም ነበር። ቅርፊቱን አንድ በአንድ በመርፌ አወጣሁ። ክንፉን ከአሮጌ ራዲያተር በቆረጥኩት ስስ ቆርቆሮ ሠራሁ። በአንድ ዓይኑ፣ በሌላው በኩል ቀንዱ ወርዶ ሸፍኖት፣ አሳምሬ ጨረስኩት። ሲታይ ያስፈራል። አንቺ ካላልሽኝ ልልከው አልችልምና መስኮቱ ላይ ተቀመጠ።

አሁን ስለ ዓይኔ። ዘንዶውን ከጨረስኩ በኋላ ነው የባሰበት፤ የቀለም ማቅጠኛውን ቲነር ኩባያ ውስጥ የቀዳሁ መስሎኝ ሱሪዬ ላይ ስገለብጠው ነው የገባኝ። ግራውን በመዳፌ ብሸፍነው ቀኙ ምንም አያይም፤ መስኮቱ ራሱ የለም። ወልድያ ሄጄ ሐኪሙ አየኝና፣ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍ ግን ጠብታው አይቋረጥ፣ ደሴም ሄደው ይታዩ አለኝ። ጠብታው አለቀ። መድኃኒት ቤቱ መንገድ ሲከፈት ይመጣል ይለኛል። ይህን እናትሽ ካልነገረችሽ አታውቂውም፤ ለደሴ ተነሥቼ ነበር። ልብሴን ቋጥሬ፣ ቤቱን ለእሷና ለፋንቱ አደራ ብዬ ተሳፈርኩ። ውጫሌ ሳንደርስ ወደፊት ተኩስ አለ ተባለና መኪናው ዞረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መናኸሪያ ሄጄ እስከ ቀትር ቆሜ ተመለስኩ። ሰው መኪናን መግፋት ይችላል፤ መንገድን ምን ያደርገዋል?

ከውጫሌ መልስ ቁጭ ብዬ ዘንዶውን ሳየው ዋልኩ። እናትሽ ሁለታችንም ባለ አንድ ዓይን መሆናችንን አየችና፣ «እንግዲህ ቄስ ወልደገሪማ ይጠሩ፤ አሁን ክፉው የትኛው እንደሆነ ይንገሩን» አለች። አልሳቅሁም። ተነሥቼ ግን ቄሱ ጋ ሄድኩ። ልጄ ዘንዶው ክፉ አይደለም ትላለች፣ ቃል ሰጥቼዎታለሁና ይፍቱኝ አልኳቸው። የምን ቃል አሉኝ። ነገርኳቸው። ረስተውታል። «ወንድሙ፣ እኔኮ የቀለድኩ ነው። ሰው እንዳይሰግድለት እንጂ ሁለትም ስጠው፣ ሦስትም ስጠው» አሉ። እኔ በዚያ ቀልድ ስንት ወር ከልጄ ጋር በወጉ ሳልነጋገር ከረምኩ። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ቀንዱን በወስፌ ፈልፍዬ አነሣሁት። በሥሩ ለሁለተኛው ዓይን ጉድጓድ ከፈትኩ፤ ይህን በጣቴ እየዳሰስኩ ስለምችል ከመጀመሪያው እኩል ነው። ቀለሙ ላይ ግን ተሸነፍኩ። በአንድ ዓይን ሲያዩ ቅርብና ሩቅ አይለይም። ብሩሹ ደረሰ ስል አልደረሰም፤ አልደረሰም ስል ጉንጩን አበላሸዋለሁ። በቲነር ስጠርገው አጠገቡ ያለው ቅርፊት ቀለም ይለቃል። አጉሊ መነጽሩም ጭጋጉን ነው የሚያጎላልኝ። እጄን በሌላው እጄ ደግፌ ሞከርኩ። እናትሽ ክንዴን ይዛልኝ ሞከርኩ፤ እሷ ትንፋሿን ስትይዝ እኔ ሳቄ መጣ፣ እኔ ስይዝ እሷ አለቀሰች። ታፔላ የሚጽፈው ናስር ይሳልልህ አለችኝ። ናስር እጁ ጥሩ ነው፤ ቢሆንም አይሆንም አልኳት። ይህን እንኳ ለሌላ ሰው ልተወው አልቻልኩም።

አሁን መንገዱ ተከፍቷል ተብሏል፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የጭነት መኪና ነጂው ኢዘዲን ማንጎ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሊወጣ ነው። በሰላም ከደረስኩ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አላጣም፣ ኢንሻ አላህ ብሎኛል። አዲስ አበባ ያለችው ጓደኛሽ ገነት ወደ ኖርዌይ ከመመለሷ በፊት እጇ እንዲገባ ነው ጥድፊያው። ዘንዶውን በጤፍ ጭድ ጠቅልዬ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ኢዘዲን ምን እንደሆነ ጠይቆኝ ዘንዶ ነው ስለው፣ ጋቢና ውስጥ አብሮኝ ይቀመጥ፣ ኬላ ላይ እሱ ይናገርልኛል አለ።

ስትከፍቺው በቀኝ በኩል ባዶ የዓይን ጉድጓድ ታገኛለሽ። እምቢ ያልኩ እንዳይመስልሽ። አቅቶኝ ነው።

በዚያችው ቆርቆሮ ውስጥ ትንሿን ብሩሽና ባለቀው የዓይን ጠብታዬ ብልቃጥ የሞላሁትን ቢጫ ቀለም አኑሬልሻለሁ። ነጭና ጥቁር እዚያ አታጪም። አስቀድመሽ ነጩን ቀቢ፤ ሲደርቅ ቢጫውን፤ በመጨረሻ ጥቁሯን ነጥብ። ጥቁሯን ስታሳርፊ ክንድሽን ጠረጴዛው ላይ አስደግፊ፣ ትንፋሽሽንም ያዢ። አትቸኩዪ። እኔ የሳልኩት ዓይን ወደ ፊት ነው የሚያየው፣ ወደ ዋሻው አፍ። ያንቺንም ከእሱ ጋር አስተካክዪው፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ካየ ያስቃል።

እናትሽ በላይነሽ ጉንጭሽን ትስማለች። ማታ ማታ ስምሽን ጠርታ ነው የምትተኛው፤ ይህን እንዳልጽፍ ብላኛለች። ፋንቱ ሰላም ብላሻለች፤ ዘንዶውን ከሩቅ አይታዋለች፣ አልሸሸችም። ቄስ ወልደገሪማ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ብለዋል። እዚያ ያሉትን የጠረጴዛሽን ሰዎች፣ አውቶቡስ የምትነዳውን ኢንግሪድን፣ ያንን ዳይሱን ሁልጊዜ መሬት ላይ የሚጥለውን ሐኪም፣ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ሰላም በዪልኝ። ቅዳሜ ብቻሽን ስላልተዉሽ አመስግኛቸው፤ ይህን በእነሱ ቋንቋ አሳምረሽ ተርጉሚው። ተረቱን ለሚመራው ለኡላም ሰላምታዬን አድርሺ። ዘንዶው መጀመሪያ ሲለመን እምቢ ይላል፤ አንዴ ጠይቀው እንዳይተዉት ንገሪው።

አባትሽ ወንድሙ
መርሳ፣ ሐብሩ
ግንቦት ፳፻፲፯ ዓ.ም.