ቅቤ የጠጣው ቦት ጫማ

ውድ ጋሼ ሙላው፣

እንዴት ከረሙ? የኮምቦልቻ ሙቀትስ እንዴት አደረገዎ? እኛ መካነ ሰላም ብርዱ አጥንት ቢገባም ደስታው አሙቆናል። ወሬዬን ከጫፉ ልጀምር፣ አለዚያ እንደ ልማዴ እዘባርቅብዎታለሁ።

ከእሳት አደጋ ሥራዎ በጡረታ ሲወጡ፣ የቆዳ ቦት ጫማዎንና ጓንትዎን ለልጄ ለመቅደላዊት ሰጥተው፣ «በፋሲካ መጥቼ አየዋለሁ። ቆዳው ተሰንጥቆ ካገኘሁት መልሼ እወስደዋለሁ፤ በተሰነጠቀ ቆዳ እሳት ውስጥ አትገባም» ማለትዎ ትዝ ይልዎታል? ከከተማችን የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች መካከል ሴት እሷ ብቻ ናት። እግሯ በእርስዎ ወጥቶ ጫማው ልኳ ነው፤ ሌላ ደግሞ የላትም። ከወሰዱባት ከእሳት ማጥፋቱ ቀረች ማለት ነው። እኔም እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅሁት።

ታዲያ ባለቤቴ ዋለ፣ እኔ ገበያ በሄድኩበት፣ እንደ በቅሎው ኮርቻ ቅቤ አያጠጣው መሰለዎ! «ቆዳው ደርቆበት ነው፣ ይጠጣ» ይለኛል፣ ደግሞ እየኮራ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ እሳት የምትገባበት ነው ወይስ አንተ ዶሮ የምታቁላላበት? ቅቤ እኮ ራሱ ይነድዳል!» ብዬ ጮኽሁበት።

እኛ ስንጨቃጨቅ ውሻችን የጫማውን አንዱን እግር ይዞት ሄደ! ከጎረቤታችን ከአብዱራህማን አጥር ሥር አቅፎ ሲልሰው አገኘነው። ደግነቱ ጥርሱን አላሳረፈበትም።

እንዳስተማሩኝ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና፣ በጨርቅ ደጋግሜ ቅቤውን አስለቀቅሁት። ዋለ ሊክሰኝ ብሎ ምድጃ ዳር ሊያሰጣው ሲል እጁን መታሁት። ጋዜጣ ጎስጉሼ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት፤ ከዚያ የላኩልንን የቆዳ ቅባት በስሱ ቀባሁት። ጋሼ፣ አንዲት ስንጥቅ የለው!

ባለፈው ማክሰኞ የአብዱራህማን የጭድ ክምር ተያያዘ። መቅደላዊት ቦት ጫማዎን ግጥም አድርጋ፣ በጓንትዎ መንሽ ጨብጣ፣ ከጓደኞቿ ጋር የሚነደውን ጭድ ከቤቱ እያራቀች በተነችው። ቤቱ ተረፈ! አብዱራህማን እያለቀሰ ይስቃል፤ «አላህ ያክብርሽ ልጄ! ያ ውሻ እንኳንም ጫማሽን አልበላው!»

ቤት ስትደርስ ዋለ ብሩሽ ይዞ በር ላይ ቆሟል። «ነይ አውልቂ፣ ጥላሸቱን ላራግፈው። ምድጃ ዳር እንዳታስጠጊው፣ ቆዳ ይሰነጠቃል!» አይላትም? ያ ባለ ቅቤ! ሳቄ እንባዬን አመጣው።

እንግዲህ ለፋሲካ ይምጡ። ስፌቱንም እጥፋቱንም እንደፈለጉ ይመርምሩ፤ ይዘውት ግን አይመለሱም። ቅቤውንም ከዋለ ደብቄ ለዶሮ ወጥዎ አስቀምጬዋለሁ።

ናፋቂ እህትዎ በዛች