ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት

እንጅባራ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለምሥራቅ
ጫግኒ

እንደምን ከርመሽልኛል? እህትሽ እህተማርያምስ፣ ልጆቿስ? እኛ ብርዱ ካልሆነ በቀር ደህና ነን። በስልክ ሳወራሽ ድምፄ ወዲያው ቁጣ ስለሚሆን በወረቀት መጻፍ መረጥሁ።

በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ለልጆቹ የሰዓት ሰንጠረዥ ሠርቼ ጓዳው በር ላይ ለጠፍሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት መነሳት፣ ፊት መታጠብ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ቁርስ። ከትምህርት ቤት መልስ አምሳለ ድንች ትልጣለች፤ ልክ እንዳንቺ ልጣጩን ሳትበጥስ ነው የምትልጠው። ይኸነው ጫማ ይጠርጋል። ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ጥናት ነው፣ ስልክም ይዘጋል። አንዲት ደቂቃ አያዛንፉም። ስትወጪ «ይኼ ቤት ነው የፈተና ክፍል?» ብለሽኝ ነበርና፣ በንዴት ነው የለጠፍሁት።

ሰኞ ማታ ይኸነው ከጥናቱ ተነስቶ ሰንጠረዡ ፊት ቆመ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አልሁት።

«አባዬ፣ የማልቀሻው ሰዓት የቱ ላይ ነው?»

አምሳለ ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ «የለውም፣ አንተ ሞኝ። እኔ ሽንት ቤት ስሄድ ነው የማለቅሰው» አለችው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። የጠየቀኝ የስድስት ዓመት ልጄ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ። በየማታው አንድ ሰዓት ላይ እንደምትደውዪ አውቅ ነበር። የጥናቱን ሰዓት የመረጥሁት ለዚያ ነው። «ኔትወርክ የለም» ያልሁሽም ውሸት ነው። ለልጆቹ «እናታችሁ ሥራ በዝቶባት ነው» አልኋቸው። አንቺ ደግሞ ረሱኝ ብለሽ ይሆናል። አልረሱሽም።

ያን ማታ ስልኩን ከፈትሁት፤ አንቺ ግን መደወል ትተሽ ኖሯል። ልደውል አልሁና፣ ከአፌ መጀመሪያ የሚወጣው «ለምን አልደወልሽም?» እንደሚሆን ስለማውቅ ተውሁት።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ይዣቸው እመጣለሁ። ልብሳቸውንም ደብተራቸውንም እይዛለሁ። አንቺ ጋ እንቆያለን ካሉ አልከራከርም። ይኸነው መኪና ላይ ስለሚያስመልሰው የሚበላው ቀለል ያለ ነገር አዘጋጂለት።

እመቤቴ ማርያም ጤናሽን ትጠብቅልኝ፤ የደከምሽበትን ትባርክልሽ።

ለእኔ ምሳ እንዳታስቢ። ከበር አድርሻቸው እመለሳለሁ። ግባ ካልሽኝ ግን እገባለሁ።

ዓለምነው